ሃምሳ ሎሚ በአንድ እጅ፦ የፖሊሲዎች መብዛት በአፈጻጸማቸው ላይ የሚያሳድረው ጫና

አንድ ፖሊሲ ወይም መርሐ ግብር የታሰበለትን ፍሬ ሳያፈራ ሲቀር ምክንያቱ ዘወትር በሁለት መልክ ሲገለጽ እንሰማለን። አንዱ «ፖሊሲው ከመነሻው የተሳሳተ ነበር» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ፖሊሲው መልካም ነው፤ የፈጻሚው ዕውቀትና ቁርጠኝነት ግን ያንሳል» የሚል ነው። ሁለቱም በየቦታቸው እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ያልተናነሰ፣ ብዙ ጊዜ ግን የማይወሳ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም የፖሊሲዎቹ ብዛት ነው። ለየብቻቸው ሲመዘኑ መልካም የሆኑ ዐሥር መርሐ ግብሮች በአንድ ጊዜ በጥቂት ሰዎች ጫንቃ ላይ ሲወርዱ አንዱ የሌላውን ጊዜ፣ ጉልበትና ገንዘብ ይሻማል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው። ችግሩ ከሎሚው አይደለም፤ ተሸካሚው አንድ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የፖሊሲዎች መብዛት በአፈጻጸማቸው ላይ ምን እንደሚያስከትል፣ ማንን ይበልጥ እንደሚጎዳና ምን ቢደረግ እንደሚበጅ በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ መነጽርነት ለማብራራት እንሞክራለን። የሀብሩ ሁኔታ የሀብሩ ብቻ አይደለም፤ በብዙ የሀገራችን ወረዳዎች የሚታይ ነው። ሆኖም ነገሩን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ማየት ከጥቅል አነጋገር ይልቅ ለግንዛቤ ይረዳል።

የመንገዱ መጨረሻ

የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መርሳ ከዞኑ ዋና ከተማ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ወረዳው በምሥራቅ ከአፋር ክልል ይዋሰናል፤ ማሽላና ጤፍ ዋና ሰብሎቹ ናቸው፤ ዝናቡ ግን አስተማማኝ አይደለም። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኀብ በወሎ ምድር ያደረሰውን እልቂት አረጋውያን ዛሬም ያስታውሱታል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ሰሜን ወሎ የጦርነት ዐውድማ ሆኖ ጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል። እንዲህ ባለ አካባቢ የመንግሥት ፖሊሲ በአግባቡ መፈጸም አለመፈጸሙ ከወረቀት ያለፈ ትርጉም አለው። የእህልና የመድኃኒት፣ አንዳንዴም የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንድ ፖሊሲ በአዲስ አበባ ከጸደቀ በኋላ በባሕር ዳር ለክልሉ እንዲስማማ ይደረጋል፤ በወልድያ ለወረዳዎች ይከፋፈላል፤ በመርሳ የወረዳ ዕቅድ ይሆናል። በፌዴራል ደረጃ እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ሚኒስቴር ወይም ባለሥልጣን አለው። በክልል ቢሮ፣ በዞን መምሪያ፣ በወረዳም ጽሕፈት ቤት አለው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ግን የሰዎቹ ቁጥር እያነሰ የሥራው ዓይነት እየበዛ ይሄዳል። ቀበሌ ላይ ሲደርስ ሁሉም በጥቂት እጆች ላይ ያርፋል፤ እነርሱም ሦስት የሚሆኑ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አንድ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ፣ መምህራን፣ እንዲሁም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የኮሚቴ አባላት ናቸው። ላይ ዐሥር የተለያዩ በሮች የነበሩት ታች አንድ ደጃፍ ይሆናሉ ማለት ነው።

እንዴት በዙ?

ፖሊሲዎቹ የበዙት በግብታዊነት አይደለም፤ እያንዳንዱ የወጣበት በቂ ምክንያት ነበረው። በ1986 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ ሲወጣ ሀገሪቱ ከ1977ቱ ረኀብ መማር ነበረባት። በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲና የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ወጡ። በ1994 ዓ.ም. የገጠር ልማት ፖሊሲና ስትራቴጂ ተነደፈ፤ በዚያው ሰሞን በአማራ ክልልም ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በ1997 የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመሩ። በ2003 ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ኋላም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። በ2004 የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2005 አዲሱ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ፣ በሐምሌ 2007 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ ያለመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተከተሉ። በ2011 የአረንጓዴ ዐሻራ፣ በ2015 የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብሮች ታወጁ። የበጋ መስኖ ስንዴም በዚሁ ላይ ተጨመረ።

ከእነዚህ መካከል «ይህ ባይኖር ይሻል ነበር» የሚባል አንድ እንኳ መጥቀስ ያስቸግራል። ልብ ልንለው የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ሕጎች ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ የቀደመውን ይሽራሉ፤ የ1989ኙ የመሬት አዋጅ በ1997፣ የ1997ቱ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። መርሐ ግብሮች ግን እምብዛም አይሻሩም። አዲሱ በቀደመው ላይ ይደረባል እንጂ ቀደምቱ «ተፈጽሟል፤ ከእንግዲህ ይቁም» አይባልም። ኮሚቴው፣ መዝገቡ፣ የሪፖርት ቅጹ ሁሉ እንዳለ ይቀራል። መዝጋት የነበረውን ጥቅም የነካ ያስመስላል፤ መጀመር ግን ያስመሰግናል።

ሁኔታው የሀገራችን ብቻ አይደለም። በጀርመን ሀገር የሙኒክ ዩኒቨርሲቲው ክርስቶፍ ክኒልና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የበለጸጉት ሀገሮች የአካባቢ ጥበቃና የማኅበራዊ ጉዳይ ፖሊሲዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት ያለማቋረጥ መከማቸታቸውን አሳይተዋል። ሕዝብ ችግሩን ሲያቀርብ መንግሥት በአዲስ ፖሊሲ ይመልሳል፤ ይህም የዴሞክራሲ ባሕርይ ነው። የሚፈጽመው አካል ዐቅም ግን በዚያው መጠን አያድግም። ሀብታሞቹ ሀገሮች በዚህ ከተፈተኑ በጀቱ በአብዛኛው ለደመወዝ የሚውል አንድ የወሎ ወረዳ ምን ያህል እንደሚፈተን መገመት አያዳግትም።

ሸክሙ ሲበዛ ምን ይሆናል?

በጦር ሜዳ ሆስፒታል ሐኪሙ አንድ፣ ቁስለኛው መቶ ሲሆን ሐኪሙ ሁሉንም እኩል ማከም አይችልም። ማንን አስቀድሞ፣ ማንን አዘግይቶ፣ ማንንስ ትቶ እንደሚሄድ መለየት ግድ ይሆንበታል። ሥራ የበዛበት የመንግሥት ሠራተኛም እንዲሁ ፖሊሲዎችን እየለየ ያስቀድማል፣ ያዘገያል፣ ይተዋል። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ማይክል ሊፕስኪ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራቸው ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙ ሠራተኞች በዚህ ዓይነት የሚወስዱት ውሳኔ ራሱ ሕዝቡ የሚያውቀው ፖሊሲ እንደሚሆን አስረድተዋል። ለሀብሩ ገበሬ ፖሊሲ ማለት በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው ሳይሆን የልማት ሠራተኛው በዚያ ሳምንት ጊዜ ያገኘለት ሥራ ነው።

ነገሩን በቀላል ስሌት እንየው። በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላል፤ ይህም 1,000 ቤተሰብ ገደማ ነው። ሁለቱ ሠራተኞች ቢካፈሉት ለእያንዳንዷ 500 ቤት ይደርሳታል። በቀን አምስት ቤት ብትጎበኝና በወር 20 የሥራ ቀን ቢኖራት በወር 100 ቤት፣ በአምስት ወር ሁሉንም ታዳርሳለች። ከ20ው ቀን ስምንቱ ለስብሰባ፣ ለዘመቻ፣ ለመዋጮ ማሰባሰብና ለሪፖርት ቢውል ግን በወር የምትደርሰው 60 ቤት ብቻ ነው። አንዱ ዙር ከስምንት ወር በላይ ይፈጃል። በዚህ መካከል አንዲት ነፍሰ ጡር እናት አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጎበኝ ልትወልድ ትችላለች። ሠራተኛዋ አልሰነፈችም፤ የተሰጣትንም አልናቀችም። ቀኑ ግን አልበቃም።

ለመሬት ሥራ ወሳኝ የሆኑትን ጥርንና የካቲትን ደግሞ እንውሰድ። መኸር የተሰበሰበበት፣ ገበሬው ፋታ የሚያገኝበት ጊዜ በመሆኑ ሁሉም መርሐ ግብር ይህንኑ ወቅት ይመርጣል። የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይከፈታል፤ የሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ ይጀመራል፤ የመስኖ ሰብል ክትትል ይፈልጋል፤ ለመጪው ክረምት የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ፍላጎት ይጠናል፤ ግብርና የጤና መድኅን መዋጮ ይሰበሰባል። በዚሁ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር አካባቢ የሚስማማ ዘር ቢያወጣ እንኳ ገበሬው ማሳ የሚደርሰው በእነዚሁ ልማት ሠራተኞች በኩል ነው። ስብሰባውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ገበሬው እርፍ በማይጨብጥበት በሰንበትና በበዓላት ቀን፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ነው። ሦስት ጽሕፈት ቤቶች አንዱን እሑድ ሲሻሙት ከሦስቱ ሁለቱ ጉዳዮች ወይ ይቀራሉ፣ ወይ በችኮላ ይነገራሉ። በገበሬው ዘንድ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ «የመንግሥት ስብሰባ» ይሆናል።

ሌላው መዘዝ መጠላለፍ ነው። ፖሊሲዎች ሲበዙ አንዱ በሌላው ወሰን ውስጥ ይገባል፤ በአንድ ተራራ ላይ የመሬት አስተዳደሩ፣ የደኑ፣ የተፋሰሱና የወጣቶች ሥራ ፈጠራው መርሐ ግብር ሁሉም ድርሻ አላቸው። ተራራውን ለማልማት የእያንዳንዱ ስምምነት ያስፈልጋል። የዐሥር አካላትን ይሁንታ የሚሻ አንድ ሥራ አለ እንበል፤ እያንዳንዱም በወቅቱ የመስማማት ዕድሉ ከመቶ 90 ይሁን። ዐሥሩም በወቅቱ የመስማማታቸው ዕድል ተባዝቶ ሲሰላ ከመቶ 35 ገደማ ብቻ ነው። ማንም ሳይቃወም፣ ሁሉም በጎ ፈቃድ እያለው ሥራው ይቆማል።

ማን ይጎዳል?

ከሁሉ በላይ ልንገነዘበው የሚገባው ሠራተኛው ሥራ ሲበዛበት የሚተወው በዘፈቀደ አለመሆኑ ነው። ቁጥር የሚጠየቅበት፣ አለቃ የሚደውልለት፣ ጎብኚ የሚመጣለት ሥራ ይቀድማል። ቁጥር የሌለው፣ ድምፅ የሌለው ይቀራል። የተተከለ ችግኝ ይቆጠራል፤ በሦስተኛው ዓመት የሚደረገው እንክብካቤ ግን እንደ ተከላው ጎልቶ አይታይም። አዲስ የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር ይመዘገባል፤ ክረምት የናደውን አሮጌ እርከን መጠገን ግን ለሪፖርት አይመችም። ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ይላካል፤ ከሠለጠኑ በኋላ ማሳቸው ድረስ ሄዶ ማየት ግን ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በፕሮግራሙ አሠራር ተጠቃሚዎችን የሚለየው ከማኅበረሰቡ የተውጣጣ ግብረ ኃይል ነው፤ «ተገቢዬን አላገኘሁም» የሚል ሰው የሚሰማበት የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም አለ። ጉልበት ያለው ሠርቶ ያገኛል፤ አረጋውያንና ሕሙማን በቀጥታ ይረዳሉ። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ነፍሰ ጡር እናቶች ከጉልበት ሥራ ወጥተው በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፉና ከጤና አገልግሎት ጋር እንዲተሳሰሩ ተደርጓል። አሳቡ ሰብአዊና ጥልቅ ነው። ይፈጸም ዘንድ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እርግዝናውን ማረጋገጥና ማሳወቅ፣ ልማት ሠራተኛው ከሥራ ዝርዝሩ ማውጣት፣ ኮሚቴውም በጊዜው መሰብሰብ አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ በሌላ ዘመቻ ላይ ከሆነ እርጉዟ ሴት ድንጋይ መሸከሟን ትቀጥላለች። የቅሬታ ኮሚቴው ካልተሰበሰበም አቤት ባዩዋ መበለት መልስ ሳታገኝ ዓመቱ ያልፋል። በሪፖርቱ ላይ ግን ኮሚቴው «የተቋቋመ» ተብሎ ይመዘገባል።

እንግዲህ የፖሊሲዎች መከማቸት የሚያስከፍለው ዋጋ በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም። ከመንገድ ዳር የሚኖረው፣ ማንበብ የሚችለው፣ ቢሮ ሄዶ የሚጠይቀው ድርሻውን ያገኛል። ከጎጡ ዳር የሚኖረው ደካማ ግን መጀመሪያ የሚረሳው እርሱ ነው። ለድሆች ተብለው የወጡ ፖሊሲዎች በብዛታቸው ምክንያት ለድሆች ሳይደርሱ የሚቀሩት በዚህ መንገድ ነው።

እጁን ይዞ የመጣ ፖሊሲ

ከዚህ ተነሥቶ «ፖሊሲ ይቀንስ፣ መንግሥት እጁን ይሰብስብ» ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ስሕተት ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አጀማመር ተቃራኒውን ይመሰክራል። ፕሮግራሙ ሲጀመር 16 የጤና እሽጎችን ብቻ ይዞ አልመጣም፤ የሚፈጽሙትን ሰዎችም ይዞ መጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው፣ በየቀበሌው ተመደቡ። በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች 166 የነበረው በ2008 ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ ውጤት ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፤ የእነዚያ እህቶች እግር ግን ትልቅ ድርሻ እንዳለው አያጠራጥርም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ተጨማሪ ተግባራት ግን በአብዛኛው አዲስ እጅ ይዘው አልመጡም። የሕፃናት ሕመም ሕክምና፣ የሥርዓተ ምግብ ልየታ፣ የጤና መድኅን ቅስቀሳ፣ የወረርሽኝ ቅኝት ሁሉ በእነዚያው ሁለት ሴቶች ላይ ተደረቡ፤ እሽጎቹም 18 ደረሱ። የጤና ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. የ15 ዓመት የማሻሻያ ፍኖተ ካርታ ማዘጋጀቱ ነባሩ አደረጃጀት የዛሬውን ሥራ መሸከም እንደከበደው ያሳያል። ስለዚህ ልዩነቱ በፖሊሲው መልካምነት ላይ አይደለም። የራሱን እጅ ይዞ የመጣ ፖሊሲ ይፈጸማል፤ የሌላውን እጅ ተውሶ የሚፈጸም ፖሊሲ ግን በሌላው ኪሳራ ይፈጸማል።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

በመጀመሪያ፣ አዲስ መርሐ ግብር ከመጽደቁ በፊት «በቀበሌ ደረጃ የሚፈጽመው ማን ነው? ስንት ቀንስ ይፈጅበታል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሊያገኝ ይገባል። ገንዘብ ያለ በጀት እንደማይወጣ ሁሉ የሰው ቀንም ያለ ሒሳብ ሊወጣ አይገባም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ሲጨመር ከነባሩ ምን እንደሚቀነስ አብሮ ይወሰን። ዓላማውን የፈጸመ ኮሚቴ ይበተን፤ ለማንም ውሳኔ የማይረዳ ቅጽ ይቅር። ወረዳውም ምን እንደሚቀር በግልጽ የመወሰን ሥልጣን ይሰጠው። ምክንያቱም መቀነሱ አይቀርም፤ ልዩነቱ በጠራራ ፀሐይ በምክክር ይቀነሳል ወይስ በአንዲት ደካማ ሠራተኛ ትከሻ ላይ በዝምታ ይቀነሳል የሚለው ነው።

ሦስተኛ፣ የሚቀራረቡ መርሐ ግብሮች በአንድ ዕቅድና በአንድ ሪፖርት ይጠቃለሉ። የጤናው ዘርፍ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚለውን መርሕ ከተቀበለ ቆይቷል። በፌዴራል ደረጃም የ2012ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መመሪያዎች ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥባቸው፣ እንዲመዘገቡና እንዲታተሙ አዝዟል። በሥራ ላይ ያሉትን መመሪያዎች በአንድ ቦታ ማወቅ ብዛታቸውን ለመግራት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

አራተኛ፣ ጥገናና ክትትል ራሳቸውን ችለው ይቆጠሩ። የጸደቀው ችግኝ እንደተተከለው፣ የተጠገነው እርከን እንደ አዲሱ፣ የተሰማው ቅሬታ እንደተቋቋመው ኮሚቴ በሪፖርት ቢጠየቅ ሠራተኛው የሚያስቀድመው ሥራም አብሮ ይለወጣል።

አምስተኛው ነጥብ መንግሥታዊ ላልሆኑ የልማት ድርጅቶችና ለቤተ ክርስቲያን የልማት ተቋማት የሚመለከት ነው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ሥራ ስንሠራ እንደምናውቀው ማንኛውም ፕሮጀክት ወደ አንድ ቀበሌ ሲገባ የራሱን ኮሚቴ፣ የራሱን የተጠቃሚ መለያ መስፈርትና የራሱን የሩብ ዓመት ሪፖርት ይዞ መግባቱ የተለመደ ነው። የሚያገኛቸውም እነዚያኑ ልማት ሠራተኞችና እነዚያኑ ሴቶች ነው። እንግዲህ በጎ ሥራ በበጎ ሥራ ላይ እንዳይሆን፣ ያለውን ኮሚቴ ማጠናከር አዲስ ከማቋቋም፣ ነባሩን መዝገብ መጠቀም ሌላ ከመክፈት ሊቀድም ይገባል። ፕሮጀክቱ ለሚጠይቀው ተጨማሪ ሥራም ተጨማሪ ሰው ይመድብ። ሰበካ ጉባኤያት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ዕድሮች መልእክት በማድረስ፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን በመጠቆም ሸክሙን ሊካፈሉ ይችላሉ። እነርሱም ቢሆኑ ግን በነጻ የሚያገለግሉ፣ የራሳቸው ድካም ያለባቸው ሰዎች መሆናቸው አይዘንጋ።

በኦሪት ዘጸአት እንደምናነበው ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን በሕዝቡ መካከል ሲፈርድ አማቱ ዮቶር ባየ ጊዜ የሙሴን ፍርድ አልነቀፈም፤ ትጋቱንም አልተጠራጠረም። ሥራው ለአንድ ሰው እንደሚከብድ፣ እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነግሮት ሸክሙን የሚካፈሉ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። ምክሩ በተለይ «ሕዝቡም ይደክማል» በሚለው ላይ ጥልቅ ነው። በመርሳ ገበያ ቀን ከሩቅ ጎጥ ተነሥታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብላ የምትመለስ እናት የምትደክመው ፖሊሲ ጠፍቶ አይደለም። የወጡላት ፖሊሲዎች ብዙ ናቸው፤ ሊፈጽሙላት የተመደቡት እጆች ግን ጥቂት ናቸው። አዲስ ነገር ለመጀመር በምንነሣበት ጊዜ ሁሉ አስቀድመን እነዚያን እጆች እንቁጠር።